ይድረስ ለክቡር ስብሰባ፣ ባሉበት አዳራሽ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የአቶ ጎልድፊንገርን ሥራ ስለማበላሸትዎ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? መጠየቄም ለወጉ ነው። ትናንት ከ8 ሰዓት እስከ 11 ተኩል አብረን ነበርንና ምንም እንዳልሆኑ አይቻለሁ። እኔ ግን ወገቤን ይዞኛል።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት እዚያው እፊትዎ ተቀምጬ ነው። ማስታወሻ የምይዝ መስሏቸው ሰብሳቢው ሁለቴ ፈገግ ብለውልኛል። አንድ ሰውዬ «እኔ እንኳን ብዙ የምለው የለኝም» ብለው ጀመሩ። ብስኩቴን ጨረስኩ። ውሃዬን ጨረስኩ። እሳቸው ገና «በሁለተኛ ደረጃ» ላይ ነበሩ። ያኔ ነው ጎልድፊንገር ትዝ ያለኝ።

ፊልሙን ያውቁታል። በፈረንጆቹ 1964 የወጣው፣ ሾን ኮነሪ ሰላዩን ጀምስ ቦንድን የሆነበት። ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አላውቅም። ዋናው ጥፋተኛ ማን እንደሆነ የገባኝ ግን ትናንት ነው። ሰው ሁሉ ወርቅ ያሰከረው ጎልድፊንገር ነው ይላል። ባርኔጣ እየወረወረ ሰው የሚገድለው አሽከሩ ኦድጆብ ነው የሚልም አይጠፋም። የለም፣ እርስዎ ነዎት።

እስኪ ይፍረዱኝ። ጎልድፊንገር አሜሪካ፣ ኬንታኪ ባለው የፈረስ እርባታው የማፍያ አለቆችን ይሰበስባል። አለቆቹ አምጡ የተባሉትን ሁሉ አምጥተዋል። የቀራቸው በነፍስ ወከፍ የ1 ሚሊዮን ዶላር ወርቃቸውን መቀበል ነው። ጎልድፊንገር ደግሞ ሊከፍላቸው አላሰበም። እዚያው ክፍል ውስጥ በመርዝ ጋዝ ሊፈጃቸው ወስኗል። እንግዲያው በሩን ቆልፎ ጋዙን መልቀቅ ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እሱ ግን መጀመሪያ ማብራሪያ መስጠት አማረው። የፑል ጠረጴዛው ተገለበጠና የመቆጣጠሪያ ቁልፎች ወጡበት። ወለሉ ተከፈተና የፎርት ኖክስ፣ የአሜሪካ መንግሥት የወርቅ ማከማቻ፣ ሞዴል ከጉድጓድ ብቅ አለ። ይህ ሁሉ ፓወርፖይንት ሳይፈጠር ነው! ከዚያ እንዴት እንደሚገባ፣ ወታደሮቹ በምን እንደሚወድቁ፣ በሩ በምን እንደሚበረገድ አንድ በአንድ አስረዳ። ለማን? ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አስከሬን ለሚሆኑ ሰዎች። አስረድቶ ወጣ፣ በሩ ተዘጋ፣ ጋዙ ተለቀቀ። «አስተያየት ያላችሁ» እንኳ አላለም። በዚህ በዚህ ከእኛዎቹ ሰብሳቢዎች ይሻላል።

ያን ሁሉ የተናገረበት ድምፅ ደግሞ የራሱ አይደለም። ጀርመናዊው ተዋናይ ጌርት ፍሮቤ እንግሊዝኛው ስላልሆነለት፣ ማይክል ኮሊንስ የተባለ ሌላ ሰው ነው በላዩ የተናገረለት። ሌላ ሰው ያዘጋጀለትን ስላይድ ለመጀመሪያ ጊዜ እያየ የሚያነብ አቅራቢ ባየሁ ቁጥር «ኮሊንስ የት አለ?» ብዬ ዞር ዞር እላለሁ።

ከሁሉም አንጀቴን የሚበላኝ አቶ ሶሎ ነው። ከአለቆቹ ሁሉ እሱ ብቻ «ድርሻዬን ስጡኝና ልሂድ» አለ። ክቡርነትዎ፣ ይህ ሰው ምን አጠፋ? ስብሰባ አቋርጦ ወጣ፣ በቃ። ሌሎቹ በጋራ፣ በጋዝ፣ ያለ ብዙ ወጪ ሞቱ። ሶሎ ግን ለብቻው ልዩ ዝግጅት ተደረገለት። ኦድጆብ በሊንከን መኪና ከነወርቁ ይዞት ወጣ፣ መንገድ ላይ በጥይት ገደለው፣ ከዚያ መኪናውን እንዳለ የቆሻሻ ብረት መጭመቂያ ውስጥ ከተተው። ሊንከኑ ተጨፍልቆ ሣጥን አከለ። አሁን ጎልድፊንገር ወርቁን ከሟቹ አቶ ሶሎ ለይቶ ማውጣት አለበት። አምስት ደቂቃ ቢያስቀምጠው ኖሮ እኮ ከነጓደኞቹ ያልቅለት ነበር!

ደግሞ ያቺ ፒክአፕ። ያኔ ወርቅ በአውንስ 35 ዶላር ነበር። የ1 ሚሊዮን ዶላር ወርቅ እንግዲህ ወደ 890 ኪሎ ይመዝናል። እሱ ላይ የተጨፈለቀ ሊንከን ይደምሩ፤ ሶሎን ይደምሩ። ይህን ሁሉ አንዲት ትንሽ ፒክአፕ ተሸክማ፣ ጎማዋ ሳይጎብጥ፣ እየተፍለቀለቀች ግቢ ገባች። የእኛ ሰፈር ሹፌሮች ይህችን መኪና አንድ ቀን እንኳ ባገኟት!

ስብሰባውን ታዲያ ከልቡ የተከታተለው ማን እንደሆነ ያውቃሉ? ያልተጠራው ምርኮኛ ቦንድ። ከሞዴሉ ሥር ተደብቆ ሁሉን ሰማ፣ በብጣሽ ወረቀት ጻፈና ከመከታተያ መሣሪያ ጋር ሶሎ ኪስ ውስጥ ጨመረው። ቃለ ጉባኤ ማለት ይኼ ነው። ወረቀቱም ከሶሎ ጋር ተጨፈለቀ። የእኛም ቃለ ጉባኤዎች ፋይል ሳጥን ውስጥ ከዚህ የተሻለ ዕጣ ሲገጥማቸው አላየሁም።

ጎልድፊንገር ይህ አልበቃ ብሎት በረንዳ ላይ፣ ናና በገባበት መጠጥ፣ ከቦንድ ጋር ሁለተኛ ስብሰባ ተቀመጠ። ቦንድ ዕቅዱ ዝርፊያ መስሎት ሒሳቡን ሠራለት፦ 10,500 ቶን ወርቅ፣ 200 የጭነት መኪና፣ 60 ሰው፣ 12 ቀን ይፈጃል፤ ያለህ ደግሞ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። ጎልድፊንገር ግን መች ሊወስደው! አቶሚክ ቦምብ ፎርት ኖክስ ውስጥ አፈንድቶ ወርቁን በጨረር ሊበክል ነው፤ የእሱ ወርቅ ዋጋ ሰማይ ይነካል። ስኳር መጋዘን ቆልፎበት ዋጋ የሚጠብቅ ነጋዴ ይህን ቢሰማ ያለቅስ ነበር። ቦንድ «57 ዓመት ይበከላል» ብሎ ቢገምት ሰውዬው ዝም ማለት አልሆነለትም፤ «በትክክል 58» ብሎ አረመው። ጠላቱን! በነገራችን ላይ ከ1964 ብንቆጥር 58ቱ ዓመት በ2022 ሞልቷል። ተሳክቶለት ቢሆን እንኳ ወርቁ ይኼኔ ድኖ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ያውቁታል። ቦምቡ ሊፈነዳ ሲል ቆመ። የቦምቡ ሰዓት 007 ያሳያል፣ የቦንድን የስለላ መለያ ቁጥር፤ ቦንድ ግን ሦስት እንደቀረው ይናገራል። ቁጥሩን ሲቀይሩ ንግግሩን ረስተውታል። ሠንጠረዡ ሌላ፣ ተናጋሪው ሌላ። ትናንት እኛም ጋ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ልክ እንዲህ ነበር፤ ማንም እጁን አላወጣም።

ክቡር ሆይ፣ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት እንደሚመጡ በቴሌግራም ግሩፑ ተለጥፏል። አጀንዳው «የትናንቱን ስብሰባ መገምገም» ይላል። ቢያንስ ብስኩቱ አይቅርብን።

ከሰላምታ ጋር
ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ

ግልባጭ፦
ለአቶ ሶሎ
ባሉበት