ማስተካከያ፦ የዋሽንግተን ግዛት የትምህርት ግዴታ ከየት እንደመነጨ

በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት (ከዋና ከተማዋ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር እንዳትምታታ) መንግሥት ጥራት ያለው የሕዝብ ትምህርት ለሁሉም ለማዳረስ ስላለበት ግዴታ ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ግዴታው እ.ኤ.አ. በ2012 በፍርድ ቤት ውሳኔ እንደተፈጠረ መግለጻችን ስሕተት ነበር። በግዛቱ ለሚኖሩ ሕፃናት ሁሉ ትምህርት በበቂ ሁኔታ ማሟላት የመንግሥት ቀዳሚ ግዴታ መሆኑ በ1889 በጸደቀው የግዛቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 የተደነገገ ሲሆን፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 የወሰነው መንግሥት ይህንን ነባር ግዴታ አለመወጣቱን ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ዳኞቹ አዲስ መብት አልፈጠሩም፣ የተጻፈውን አስከበሩ እንጂ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 በግዛቱ መንግሥት ላይ የጣለው ቅጣትም በቀደመው ጽሑፋችን እንደተባለው በወር ሳይሆን በቀን 100,000 ዶላር ነበር።