«ም»ን የበላት ሊንክ

ባለፈው ሳምንት ሀዋሳ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅርና፣ የድረ ገጹን ሠራተኞች ሰብስቦ አዲስ መመሪያ ነገራቸው። ከእንግዲህ የዜና ርዕስ በእንግሊዝኛ ይገባል፤ አማርኛው ከሥር ይከተላል። ምክንያቱን ያስረዱት ሳይቱን የሠራው ድርጅት ባለሙያ ናቸው። «አማርኛ ለሊንክ አይሆንም» አሉ። ሻይ እስኪቀርብ ታገስኩ። ከዚያ በላይ ግን አልቻልኩም።

ችግሩስ አለ። የአማርኛ ርዕስ ያለውን ሊንክ ከብራውዘር ቀድቶ ቴሌግራም ላይ የለጠፈ ሰው ያውቀዋል። የፐርሰንት ምልክት የተዘራበት፣ ክንድ የሚያህል ዝባዝንኬ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት (የማከማቻ መለኪያ ነው) ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት ሊንክ ውስጥ ሲገባ 3 ምልክት ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ፊደል 9፣ «ሀዋሳ» ደግሞ 27። ሳይቱ የተሠራበት ሶፍትዌር፣ ዎርድፕረስ፣ ከርዕሱ ለሚያወጣው ስለግ (የጽሑፉ መለያ ለሆነው የሊንኩ ጅራት) የመደበው 200 ምልክት ብቻ ነው።

እስቲ እንቁጠር። ርዕሳችን «የሀዋሳ ባጃጆች አዲሱን ታሪፍ አልተቀበሉም» ይሁን። 22 ፊደል፣ 198 ምልክት። ቃላቱን የሚያያይዙት 4 ሰረዞች ሲጨመሩ 202። በ2 ምልክት አለፈ! ግማሽ ፊደል አይቆረጥምና የመጨረሻዋ «ም» እንዳለች ትወድቃለች። ሊንኩ «አልተቀበሉ» ብሎ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ርዕሱ ከፊት በአንድ ፊደል ቢረዝም ኖሮ «ሉ» የምትለዋም ትሄድ ነበር።

ታዲያ መፍትሔው ቋንቋውን ማባረር ነው? ዎርድፕረስ ፊልተር ሁክ የሚባል ነገር አለው። ሥራውን እየሠራ መሐል ላይ ቆም ብሎ «ይህን የሚለውጥ አለ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ነው። ለጽሑፍ ሊንክ አለ፣ ለምድብ ሊንክ አለ፣ ለሜኑ ሊንክ አለ። ለእኛ ጉዳይ የሚሆነው «ሳኒታይዝ ታይትል» ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ዎርድፕረስ ራሱ ርዕሱን ወደ ስለግ የሚቀይረው እዚያው ሁክ ላይ በተራ ቁጥር 10 ተሰልፎ ነው። የእናንተን ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ ቁራጭ ኮድ) በ9 አስገቡት፤ ቀድሞ ይደርሳል። ፊደሉን ወደ ላቲን ይለውጥና ለ10ኛው ያቀብለዋል። 27 የነበረው «ሀዋሳ» 6 ይሆናል። ርዕሱ ገጹ ላይ በአማርኛ እንዳለ ነው፤ ማንም አልነካውም። 33ቱን ፊደል በ7 ብታባዙ 231 ነው። ዲቃላዎቹን ጨምሩና በሰንጠረዥ አዛምዱ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ያውም ቡና እየተጠጣ።

ባለሙያው ይህን ስነግራቸው ምን አሉ? «ፊልተር ሳይት ያዘገያል።» ወይ ጉድ! ስለጉ የሚሠራው ጽሑፉ ሲቀመጥ አንዴ ነው። አንባቢው ገጹን ሲከፍት ምኑ ይዘገያል? የዚያን መሥሪያ ቤት ሳይት ያዘገየው ከካሜራ እንደወጣ ፊት ገጽ ላይ የተለጠፈው የስብሰባ ፎቶ ነው። እሱን ግን የከለከለ መመሪያ የለም።

«እንግዲያውስ የዎርድፕረስን ፋይል ራሱን ከፍተን እናስተካክለው» ያለም ነበር። ይሄኛው ይባስ። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ትናንሽ ማሻሻያዎችን ራሱ ይጭናል። አንድ ቀን ጠዋት ስትገቡ የለፋችሁበት ኮድ የለም። ፊልተሩን ግን በትንሽ ፕለጊን፣ ማለትም ዎርድፕረስ ላይ ለብቻው በሚጫን ተጨማሪ፣ ብታስቀምጡት ማሻሻያው አይነካውም።

አንድ ነገር አምናለሁ። ፈንክሽኑ ስለጉን ለማስቀመጥ ሲጠራ ብቻ እንዲሠራ ካልተደረገ የድሮ ሊንኮችን ሊያበላሽ ይችላል። ይህም በአንድ መስመር ኢፍ («እንዲህ ከሆነ» በሚል ትእዛዝ) ያልቃል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚመዘገቡበት ሥርዓት ውስጥ፣ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት ዓመት ሆነው? ዛሬም «አማርኛ አይሆንም» ይሉናል። ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ጠብቄ ኮዱን በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት።

«ይሄ እንኳ ይቻላል» አሉኝ። «ግን ውሉ ላይ የለም፤ ለብቻው ይከፈልበታል።»