መራጭ የማያስቸግርበት ወንበር

የሕዝብ እንደራሴነት ከባድ ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች አልተሳሳቱም፤ ከባድ ያደረገው ግን ሕዝቡ ነው። ውሃ ይለዋል፣ መንገድ ይለዋል፣ «ባለፈው የገባኸው ቃል የት ደረሰ?» ይለዋል። ደቡብ እንግሊዝ፣ ዊልትሸር በሚባለው አውራጃ ያለችው ኦልድ ሳረም የተባለች ኮረብታ ይህን ችግር ከሥሩ ነቅላ ጥላው ነበር። ሁለት እንደራሴዎች ወደ ለንደን ትልካለች፤ ሕዝብ የላትም። እንዲህ ያለውን ጥበብ ላፈለቀ ምድር እጅ መንሳት ይገባል።

ነገሩ ባንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። ኮረብታዋ ድሮ ግንብም ካቴድራልም ነበራት፤ ካቴድራሉ የተባረከው በ1092 ነው (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኋላ ግን ነፋሱ አላስቀምጥ አለ፣ ውሃ ጠፋ፣ ካህናቱና የግንቡ ወታደሮችም ዓይንና ናጫ ሆኑ። በ1220 ካህናቱ ወደ ሜዳው ወርደው አዲስ ካቴድራል ጀመሩ፤ የዛሬዋ ሳልስበሪ እሷ ናት። ሕዝቡም ቀስ በቀስ ተከትሎ ወረደ፤ የአሮጌው ካቴድራል ድንጋይ ሳይቀር እየተነቀለ ለሌላ ግንባታ ሄደ። አሁን የሚያስደንቀውን ስሙ፦ ኮረብታዋ እንደራሴ መላክ የጀመረችው ሰው ጥሏት መውረድ ከጀመረ በኋላ፣ በ1295 ነው። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ደግሞ ሁለት ሁለት እያደረገች ሳታቋርጥ እስከ 1832 ላከች። ሰው ሲቀንስ ውክልናው እየጠና ሄደ ማለት ነው።

«መራጭ ከሌለ ማን ይመርጣል?» የሚል ሞኝ አይጠፋም። በኦልድ ሳረም ድምፅ የሚሰጠው ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ቦታ ስላለው ነው። ጥንት ቤት የነበረባቸው፣ በኋላ ሣር የበቀለባቸው የተወሰኑ ቦታዎች ነበሩ፤ የእነዚያ ቦታዎች ባለቤት የሆነ ሁሉ መራጭ ነው። ቤት ይኑርበት፣ አይኑርበት፣ ባለቤቱ ቦታውን በዓይኑ አይቶት ይወቅ፣ አይወቅ፣ የጠየቀ አልነበረም። በ1831 አሥራ አንድ መራጮች ተቆጥረዋል፤ አንዳቸውም እዚያ አይኖሩም። ታዲያ ቦታዎቹን ሁሉ አንድ ጌታ ከገዛቸው፣ ድምፆቹንም ሁሉ ገዛቸው ማለት ነው።

አሠራሩን ለሚወድ ሰው ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። ከለንደን የንጉሡ የምርጫ ትእዛዝ ለአውራጃው ሸሪፍ ይደርሳል፤ ሸሪፉ ለቦታው አስመራጭ ያስተላልፋል፤ አስመራጩ የባለርስቱ ሹም ነው። ምርጫው ሲቃረብ የባለርስቱ ጠበቃ ውል ይጽፋል፦ ይህ ቦታ ለወንድም፣ ያኛው ለወዳጅ፣ ሌላው ለቤት አዛዥ በወረቀት ይተላለፋል። ድምፁ ከተሰጠ በኋላ ወረቀቱ ወደ ጌታው ሣጥን ይመለሳል። እዚህ ላይ ሊበላሽ የሚችል አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ወረቀቱን የያዘው ሰው «የኔ ነው» ብሎ ቢቀርስ? ስለዚህ ቦታውን የሚያስተላልፉት እንጀራው በእጃቸው ላለ ሰው ነው። ድምፅ ደግሞ የሚሰጠው በአደባባይ፣ በአፍ ነው፤ በምስጢር ድምፅ መስጠት የሚባለው ክፉ ልማድ እንግሊዝ የገባው ገና በ1872 ነው።

በዕለቱ ሜዳው ላይ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር፣ ጊዜያዊ ዳስ ይጣላል። የንጉሡ ትእዛዝ ይነበባል። ቀጥሎ ጉቦን የሚከለክለው የ1729 ሕግ ይነበባል፤ መነበቡ ግዴታ ነው። በመላ እንግሊዝ ያን ሕግ እንደ ኦልድ ሳረም ያከበረ ወረዳ ይገኛል ብለን አናምንም። ጉቦ የሚሰጠው ድምፁ የሌላ ሰው ሲሆን ነው፤ ሰው ከግራ ኪሱ አውጥቶ ቀኝ ኪሱ ቢከት ማን ይከሰዋል? ከዚያ ሁለት ስም ይጠራል፣ ተቃዋሚ አለ ወይ ይባላል፣ ነፋሱ ብቻ ይመልሳል፣ ሰነዱ ይፈረማል፣ ዳሱ ይፈርሳል። ሁሉም ለምሳ ይደርሳል።

ይህን ከሌላው ጋር ስታስተያዩት ነው ጥቅሙ የሚታየው። ዮርክሸር በ1807 እውነተኛ መራጭ ይዞ ፉክክር ገጠመ። ምርጫው አሥራ አምስት ቀን ፈጀ፤ ከተወዳዳሪዎቹ ሁለቱ መራጭ በማጓጓዝ፣ በማብላትና በማጠጣት እያንዳንዳቸው ወደ 100,000 ፓውንድ ገደማ አወጡ፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ይህን ሁሉ ከስክሶ ተሸነፈ። ሕዝብ ውድ ነው። የእድር ሊቀመንበርነት እንኳ ያለ ጠላ አይገኝም።

ዋጋው ከተነሳ አይቀር፣ ቶማስ ፒት የሚባል የማድራስ ገዥ ነበር፤ ከሕንድ ባመጣው ትልቅ አልማዝ የታወቀ። አልማዙን በ1717 ለፈረንሳይ ንጉሥ ሞግዚት በ135,000 ፓውንድ ሸጠው። የገዛትን ኮረብታ ግን አልሸጠም፤ አልማዝ አንገት ላይ ቢንጠለጠል እንጂ ለልጅ ልጅ ወንበር አይሆንም። የልጅ ልጁ ዊልያም ፒት በ1735፣ በ26 ዓመቱ፣ በኦልድ ሳረም በኩል ምክር ቤት ገባ፤ ኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። የወንበሩ ወዳጆች እስከ መጨረሻው ሲከራከሩ «ይህን የመሰለ ሰው የት ይገኝ ነበር?» ይሉ የነበረው ለዚህ ነው። ችግሩ ሰውየው ውለታ ቢስ ወጣ። በ1766 በዚያው ምክር ቤት ተነሥቶ እንዲህ ያሉ ወረዳዎች የሕገ መንግሥቱ የበሰበሰ ክፍል እንደሚባሉ፣ መቶ ዓመት ሊቆዩ እንደማይችሉና ራሳቸው ካልወደቁ መቆረጥ እንዳለባቸው ተናገረ። የጠባውን ጡት ነከሰ! ከተናገረ በኋላ ግን 66 ዓመት ቆመዋል፤ የሚበሰብስ ነገር ይህን ያህል ይቆያል እንዴ?

በ1802 ኮረብታዋ የካሌዶን ኧርል ለሚባል ባላባት በ60,000 ፓውንድ ተሸጠች። መሬቱና መብቱ በዓመት ቢበዛ 700 ፓውንድ ያስገባ ነበር። በሃያ ዓመት ገቢ ብናሰላው 14,000 ይሆናል፤ የቀረው 46,000 እንግዲህ የነፋሱ ዋጋ መሆኑ ነው። ገዢው አልከሰረም፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት እንደራሴዎች ከራሱ ከአሌክሳንደር ቤተሰብ ነበሩ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነውር ተፈጽሟል፤ አንደብቅም። በ1801 የፒት ቤተሰብ ወራሽ የነበረው ሎርድ ካምልፎርድ ጆን ሆርን ቱክ የሚባለውን፣ መንግሥትን ሲነቅፍ የኖረ፣ ቅስና የተቀበለ ሰው በኦልድ ሳረም አስመረጠው። ምክር ቤቱ ደነገጠ። ሰው በሌለበት ኮረብታ ስለተመረጠ አይደለም፤ ቄስ ስለሆነ ነው። በዚያው ዓመት ቄስ እንዳይመረጥ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ 200 ዓመት ሠርቶ በ2001 ተሻረ። ጥሩ ምክር ቤት ጉድፉን እንዲህ ለይቶ ያወጣል።

ማንቸስተርና በርሚንግሃም እያንዳንዳቸው ከ100,000 በላይ ሰው ይዘው አንድም የራሳቸው እንደራሴ አልነበራቸውም። ይህን በደል ያሉ አልጠፉም። መልሱ ግን ተዘጋጅቶላቸው ነበር፦ እንደራሴ የሚወክለው የመረጠውን ወረዳ ሳይሆን አገሩን በሙሉ ነው፣ ስለዚህ የኦልድ ሳረም ሰው የማንቸስተርንም ጉዳይ ያስባል። እውነት ነው፤ የራሱ መራጭ ስለማይጨቀጭቀው ለማሰቢያ ጊዜ ነበረው። የዌሊንግተን መስፍንም ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለ፣ በኅዳር 1830 መጀመሪያ፣ ይህ አሠራር ከዚህ በላይ ሊሻሻል እንደማይችል ለመኳንንቱ ምክር ቤት አስረዳ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሥልጣን ወረደ። አድናቂ ሁሉ ዕድለኛ አይሆንም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ብናሳጥረው ይሻላል፤ የሚያሳዝን ነው። በመጋቢት 1831 ይህን የምርጫ አሠራር የሚያሻሽል ረቂቅ ሕግ በ302 ለ301፣ ባንድ ድምፅ ብልጫ፣ በታችኛው ምክር ቤት ሁለተኛ ንባቡን አለፈ። ምርጫ ተደረገ፣ መኳንንቱ ረቂቁን በጥቅምት ጣሉት፣ ብሪስቶልና ኖቲንግሃም በሁከት ነደዱ፣ በመጨረሻም ሰኔ 7 ቀን 1832 ሕግ ሆነ። ሃምሳ ስድስት ወረዳዎች እንዳሉ ተሰረዙ። ኦልድ ሳረም አለችበት። ባሕር አብዛኛዋን በልቷት ሁለት እንደራሴዋን ግን ያልነካባት ደንዊችም አለችበት።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ካሳው ነው። በ1800 አየርላንድ ከብሪታንያ ጋር ስትዋሐድ ለተዘጋው እያንዳንዱ ወረዳ ለባለቤቱ 15,000 ፓውንድ ተከፍሎ ነበር። የዊልያም ፒት ልጅ፣ ትንሹ ፒትም በ1785 ሠላሳ ስድስት ወረዳዎችን ለመግዛት አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ይመደብ ብሎ ነበር፤ ምክር ቤቱ ጣለበት። በ1832 ግን አምስት ሳንቲም የሰጠ የለም። ሰሪ በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ውስጥ ጋተን የምትባል የኦልድ ሳረም እኅት ነበረች፤ ሎርድ ሞንሰን በ1830 በ180,000 ፓውንድ ገዝቷታል ይባላል። ሁለት ዓመት ሳይጠቀምባት ወንበሮቿ ተነቀሉ። ለሎርዱ የቀረለት መኖሪያው፣ ግቢውና ግቢው ውስጥ በ1765 የተሠራው የምርጫ አዳራሽ ነው፤ አዳራሽ ሲባል ጣራ የደፋ፣ ግድግዳ የሌለው ጥቂት ዓምድ። መካከሉ ላይ ባለው ማሰሮ ላይ በላቲን «የሕዝብ ደኅንነት ከሁሉ በላይ ሕግ ይሁን» የሚል ተቀርጿል። ዘግይተንም ቢሆን ለሎርዱ ቤተሰብ መጽናናትን እንመኛለን።