ልጁን ጥሩት!

የትኛውም ስልጠና ላይ የመጀመሪያውን ንግግር የሚያደርገው ፕሮጀክተሩ ነው። ሰማያዊ መደብ ላይ በነጭ ፊደል "ኖ ሲግናል" ይላል፤ አለቀ። ከሱ በኋላ ወደ መድረኩ የሚወጡት ተናጋሪዎች ያን ያህል አጭርና ግልጽ ሆነው አያውቁም።

ያለው ነገር እኮ ቀላል ነው። "እኔ በርቻለሁ። መብራቴም ይሠራል። ከላፕቶፑ ግን የመጣልኝ ነገር የለም።" ስለዚህ መፈተሽ ያለበት ላፕቶፑ ነው፣ ወይ ኬብሉ፣ ወይ ደግሞ ፕሮጀክተሩ ላይ የተመረጠው የኬብል መግቢያ። አዳራሹ ግን የሰማው "ተበላሸ!" የሚለውን ብቻ ነው። ወዲያው ከየወንበሩ ባለሙያ ይነሳል። አንዱ ኬብሉን ነቅሎ ይሰካል። አንዷ "አጥፍታችሁ አብሩት" ትላለች። ከፊት የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ሪሞቱን ተቀብለው ግድግዳው ላይ ያነጣጥራሉ። ከኋላ "ያኛው ቀዳዳ ላይ ሰኩት!" የሚል ድምፅ ይመጣል። ማን እንዳለው አይታወቅም። የትኛው ቀዳዳ እንደሆነም አይታወቅም። በመጨረሻ የማይቀረው ትእዛዝ ይተላለፋል።

"ልጁን ጥሩት!"

ልጁ ማለት የአይቲ ባለሙያው ነው። ልጁ 38 ዓመቱ ነው። ባለትዳር ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ፀጉሩም ከፊት መሸሽ ጀምሯል። ግን ምን ዋጋ አለው? በእኛ መሥሪያ ቤት ፕሮጀክተር የሚያበራ ሰው በዕድሜ አያድግም። ጡረታ ሲወጣ እንኳ "ልጁ ጡረታ ወጣ" ነው የሚባለው።

ልጁ ይመጣል። የተሰበሰቡትን ባለሙያዎች በትሕትና ገለል ያደርጋል። ላፕቶፑ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና "ፒ"ን አንድ ላይ ይጫናል። አራት ምርጫ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ይታይ፣ ሁለቱም ላይ እኩል ይታይ፣ ግድግዳው የኮምፒውተሩ ተጨማሪ ሜዳ ይሁን፣ ወይም ግድግዳው ላይ ብቻ ይታይ። ላፕቶፑ የመጀመሪያው ላይ ነበር። ልጁ አንድ ዝቅ ያደርገዋል፤ ግድግዳው ይበራል። አዳራሹ ያጨበጭባል። "ጎበዝ ልጅ!"

አቅራቢው ራሱ ከመረጠ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እጁ ሦስተኛው ላይ ነው የሚያርፈው። ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ ባዶ መደብ ብቻ ይዘረጋል። አቅራቢው ስላይዱን ላፕቶፑ ላይ እያየ "እንደምትመለከቱት" ይላል። እኛ የምንመለከተው አረንጓዴ ኮረብታ ነው። "አይታይም!" ሲባል ይደነግጣል። ስላይዱን ወደ ግድግዳው በማውስ ሊጎትት ሲሞክር ቀስቱ ራሱ ይጠፋበታል።

ሁለቱም ላይ እኩል ይታይ ያለውም ቢሆን ሙሉ ሰላም የለውም። ቴሌግራሙን ሳይዘጋ የመጣ አሰልጣኝ አለ። ስለ ፋይናንስ ሥነ ምግባር እያብራራ በቀኝ በኩል ከታች "የእቁቡን ብር ዛሬም ካላስገባህ ለዳኛው ነው የምናገረው" የሚል መልእክት ብቅ አለ። ከሁለት ቀኑ ስልጠና ተሳታፊው በቃሉ የያዘው ይሄንን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኬብሉ ልምጣ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ኬብል ከመጣ ስንት ዘመኑ፣ ብዙ መሥሪያ ቤት ግን አሁንም በዚያ በሁለት በኩል ብሎን ባለው ሰማያዊ ቪጂኤ ነው የሚኖረው። ቪጂኤ 15 መርፌ አለው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የየራሳቸው መርፌ አላቸው። ባለሙያው ሁሉ በየተራ ሲነቅልና ሲሰካ አንዷ መርፌ ትታጠፋለች። የሰማያዊዋ ከሆነች ነጩ ስላይድ ቢጫ ይሆናል። የአረንጓዴዋ ከሆነች ግድግዳው ሐምራዊ ይለብሳል። የቀይዋ ስትታጠፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የአፈጻጸም ሪፖርት ቀለም መቼም ይታወቃል። ያለቀው ሥራ አረንጓዴ፣ በሂደት ላይ ያለው ቢጫ፣ ያልተጀመረው ቀይ። ፕሮጀክተር ቢጫን የሚያወጣው ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ደምሮ ነው። ቀዩን ከቀነስክበት የሚቀረው አረንጓዴ ነው። ቀዩ ራሱ ደግሞ ጥቁር ይሆናል። አንድ የዘጠኝ ወር ግምገማ ላይ ይሄንኑ በዓይኔ አየሁ። በሂደት ላይ የነበሩት ሥራዎች በሙሉ ለዘጠኝ ወር ያልቻሉትን አዳራሹ ፊት ለፊት ተጠናቀቁ። ያልተጀመሩት ጠቁረው የሠንጠረዡ ክፈፍ መሰሉ። ልጁ ገብቶታል። ኬብሉን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ኃላፊው ቀደሙት።

"ተወው፣ ተወው! ይታያል እኮ!"

"ጋሼ፣ ቀለሙ ትንሽ…"

"ይታያል አልኩህ!"

አንድ ተሰብሳቢ እጁን አውጥቶ "የሚበረታታ አፈጻጸም ነው" አለ። ሌላው ይሄንኑ አጠናከረ። ግምገማው ከምሳ በፊት አለቀ።

እኚሁ ኃላፊ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከሌላ ብልሽት ጋር ተገናኙ። ዲኤልፒ የሚባለው የፕሮጀክተር ዓይነት ውስጥ አንዲት ቺፕ አለች፤ በ1987 በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ላሪ ሆርንቤክ የፈለሰፋት ናት። ላይዋ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን መስታወቶች ተሸፍኗል። 1024 በ768 የሚባለው ስክሪን ላይ ከ780 ሺህ በላይ መስታወት አለ ማለት ነው። እያንዳንዷ እየተገለበጠች ብርሃኑን ወይ ወደ ሌንሱ ወይ ወደ ጎን ትልካለች። ሙቀትና ዕድሜ ሲጫናቸው አንዳንዶቹ ወደ ሌንሱ እንደዞሩ ደርቀው ይቀራሉ። ግድግዳው ላይ ነጭ ነጥብ ትሆናለች፤ ስላይዱ ቢቀያየር እሷ ንቅንቅ አትልም።

የኃላፊው ስላይድ ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ በነጭ ቁጥር "85 በመቶ" ይል ነበር። ነጥቧ 8 እና 5 መሃል ገብታ ቁጭ አለች። 8.5 በመቶ።

ኃላፊው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "አስቁሙት! ይሄ ማሽን እያሳሳተ ነው! ዛሬውኑ ጥገና ይላክ!" ለታጠፈችው መርፌ መፍትሔው የምሳ ሒሳብ የማያክል ኬብል ነበር። ያቺን ቺፕ መቀየር ግን አዲስ ፕሮጀክተር ከመግዛት ብዙም አይርቅም። ደብዳቤው በዕለቱ ተጽፎ ወጣ። ወደላይ ለሚገፋን ብልሽት እንዲህ ቸኩለን አናውቅም፤ ወደታች የሚያወርደን ግን አያድርም።

ስለ ሙቀት ካነሳን አይቀር፣ ፕሮጀክተሩ ከሥሩ ምን እንደተደረገለት አይታችኋል? ጠረጴዛው ዝቅ ስለሚል ከፊቱ ቀና እንዲል የሆነ ወፍራም ነገር ይፈለጋል። በመሥሪያ ቤቱ ካለው ወረቀት ሁሉ ወፍራሙ የአምስት ዓመቱ ስትራቴጂክ ዕቅድ ነው። ሥራ ላይ ውሎ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሌንሱ ቀና ሲል ስዕሉ ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል፤ እሱን ኪስቶን የሚለው ማስተካከያ ይመልሰዋል። ዕቅዱ የደፈነውን የአየር ማስገቢያ ግን የሚመልስ ቁልፍ የለም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሙቀት መብራቷ ቀይ ትሆናለች፣ ማሽኑም ራሱን ያጠፋል። ስትራቴጂክ ዕቅዱ አፈነው ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ደፋር ደግሞ የለም።

የባሰም አለ። የብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች መመሪያ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር አካባቢ ካለፋችሁ "ሃይ አልቲትዩድ" የሚለውን ምርጫ አብሩ ይላል። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ብዙ ሙቀት ስለማይሸከም ማራገቢያው በፍጥነት መዞር አለበት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስልጠናውን አበል እንዲኖረው ብለን የምንወስድባቸው ቢሾፍቱም፣ አዳማም፣ ሐዋሳም 1,500ን ያለፉ ናቸው። ከዚህ ወሰን በታች ከሚገኙት አንዷ ድሬዳዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ሙቀቱን ራሷ ታቀርባለች። ልጁ አንድ ቀን ይሄን ምርጫ ፈልጎ አበራው። ማራገቢያው ጮኸ። "ይሄ ጩኸት ምንድን ነው? ንግግር ያውካል፤ አጥፋው!" ተባለ። አጠፋው። ማሽኑም ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። "ምን ነካካህበት?" ተብሎ የተጠየቀውም እሱ ነው።

ላምፑን በተመለከተ የምንፈጽመው ግፍ ሌላ ነው። ፊሊፕስ በ1995 ገበያ ላይ ያወጣው ዓይነት፣ ዛሬም በብዙ ፕሮጀክተሮች ውስጥ ያለው ላምፕ የቤት አምፖል አይደለም። በውስጡ ሜርኩሪ አለ። ብርሃኑ የሚፈጠረው አንድ ሚሊሜትር ገደማ በምትሆን ክፍተት መሃል ነው። ሲሠራ የውስጥ ግፊቱ ከምንተነፍሰው አየር 200 እጥፍ ይደርሳል። ይሄን የመሰለ ነገር በወጉ ነው የሚጠፋው። ማጥፊያውን ሁለቴ ትጫናለህ፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ማራገቢያው ግን ላምፑን እያቀዘቀዘ ትንሽ ይቆያል። እንግዲህ "የሻይ ሰዓት ነው" ከተባለ በኋላ ይሄን ማን ቆሞ ይጠብቃል? ገመዱ ከግድግዳው ይነቀላል። ማሽኑ እንደጋለ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ዚፑም ይዘጋበታል።

እኛ ባንነቅለው መብራት ኃይል ይነቅልልናል። መብራት ይሄዳል፤ ጀነሬተር ይነሳል፤ አዳራሹ ይበራል። ፕሮጀክተሩ ግን እምቢ ይላል። የጋለ ላምፕ እስኪበርድ ድረስ ብልጭታው አይነሳለትም፤ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ነው። እኛ ግን እንጫናለን። ደጋግመን እንጫናለን። አንዱ ጎኑን ጠፍ ያደርገዋል። በስንተኛው ጥፊ እንደሆነ አይታወቅም፣ ላምፑ በርዶ ኖሮ ይበራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመሥሪያ ቤቱ "እሱ መመታት ይፈልጋል" የሚል እውቀት ይሰርጻል፤ ለአዲስ ሠራተኛም ይተላለፋል።

እንዲህ ተይዞ ላምፑ ዕድሜውን አይጨርስም። እንደ ሞዴሉ ከ2,000 እስከ 5,000 ሰዓት ይሠራል የተባለው ገና በግማሹ ይደበዝዛል። መጀመሪያ መጋረጃ ይዘጋል። ቀጥሎ የአዳራሹ መብራት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ተሳታፊው ይተኛል። በመጨረሻ የላምፕ ምልክት ያለባት መብራት ቀይ ብልጭ ብልጭ ትላለች። መመሪያው ላይ ብልጭታዋ ምን ማለት እንደሆነ ተጽፏል፤ መመሪያው ግን ካርቶኑ ውስጥ፣ ካርቶኑ ንብረት ክፍል፣ የንብረት ክፍሉ ቁልፍ ደግሞ ፈቃድ ላይ ካሉት ሴትዮ ጋር ነው።

ግዥ ይጠየቃል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ትንሹን ዋጋ የሰጠው ያሸንፋል። የመጣው ላምፕ የሌላ ሞዴል ነው። "ላምፕ ላምፕ ነው፤ አስተካክለህ ግጠመው" ይባላል ልጁ። ከስንት ወር በኋላ ትክክለኛው መጥቶ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ብርጭቆው በባዶ እጅ እንዳይነካ የሚለው ማሳሰቢያ እሽጉ ላይ ተጽፏል፤ ገቢ ያደረገውም፣ ወጪ ያደረገውም፣ የፈረመውም በጣቱ ዳሶ "እውነት አዲስ ነው?" ብሏል። ንብረት ክፍል ደግሞ አሮጌው ካልተመለሰ አዲሱን አልሰጥም ይላል። ስለዚህ ሜርኩሪ ያለበት አሮጌ ላምፕ መደርደሪያ ላይ ከተሰበሩ ወንበሮች ጎን የክብር ቦታ ያገኛል።

ልጁ ላምፑን ይገጥማል። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ማሽኑ ስለማይነሳ ብሎኑን ጠበቅ ያደርጋል። ይበራል፤ ግድግዳው ያንጸባርቃል። ግን አሁንም "ላምፑን ቀይሩ" የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ሰዓት ቆጣሪው ወደ ዜሮ ካልተመለሰ ማሽኑ አዲስ ላምፕ መግባቱን በምን ያውቃል? ልጁ ይሄን ለማስተካከል ሜኑውን እየከፈተ ሳለ ከኋላው "ፎርጅድ ነው፣ ተበልተናል!" ተብሎ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ልጁም በጸሐፊነት ተመርጧል።

ኮሚቴው ሥራውን ሲጨርስ ያቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ለዘለቄታው ሌዘር ፕሮጀክተር ይገዛ የሚል ነበር። ተገዛ። ሌዘሩ 20,000 ሰዓት ይሠራል ተብሎለታል፤ የሚቀየር ላምፕ የሚባል ነገር የለውም። ልጁ ይሄን አስረድቶ ማስታወሻ ጻፈ። ዘንድሮም ግን በዓመታዊ ዕቅዱ ላይ "የፕሮጀክተር ላምፕ መግዣ" የሚለው ርዕስ ከነበጀቱ አለ። ባለፈው ግምገማ ላይ ግድግዳው ላይ አይተነዋል፤ አረንጓዴ ነው። ኬብሉ ያው የድሮው ስለሆነ ግን፣ ተገዝቶ ይሁን በሂደት ላይ ይሁን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።