እንዲተኙ ብላችሁ አረጋውያንን ለውድቀት አትዳርጓቸው

ወገኖች፣ አባታችሁ ሲገላበጡ ባደሩ ቁጥር ከመሳቢያ ዳያዜፓም የተባለውን የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ክኒን እያወጣችሁ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ግን «እርጅና ነው» ትላላችሁ። ክኒኑም እጁ አለበት!

ዳያዜፓም ቶሎ ከሰውነት አይወጣም። በወጣት እንኳ ግማሹ እስኪወገድ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በእርጅና ጉበት ስለሚዘገይና መድኃኒቱ የሚከማችበት ስብ ከጡንቻው አንጻር ስለሚበዛ ለቀናት ይቆያል። የዛሬው በትናንቱ ላይ ይደረባል። ሳምንት ሳይሞላ በቀን ይንገዳገዳሉ፣ ንግግራቸው ይጎተታል፣ ይረሳሉ፤ ቤተሰቡም «ጃጁ» ብሎ ይፈርዳል። ቶሎ የሚወጣው ሌላው የእንቅልፍ ክኒን፣ ዞልፒዴምም አያድንም፤ ለሽንት የሚነሱት መድኃኒቱ ገና ደማቸው ውስጥ እያለ ነውና።

«እኛ ለእንቅልፍ የምንሰጠው የአለርጂ ክኒን ነው» የምትሉም አላችሁ። ፕሮሜታዚን፣ ክሎርፌኒራሚንና ዳይፈንሃይድራሚን ያደነዝዛሉ፣ ሐሳብ ያምታታሉ፣ ሽንትም ይከለክላሉ። ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ሲቆሙ የደም ግፊት ይጥላል። ዳያዜፓም ከሕመም ማስታገሻው ትራማዶል ወይም ከመጠጥ ጋር ሲሆን ደግሞ ትንፋሽ እስከማቆም ይደርሳል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር የቢርስ መመዘኛ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የዳያዜፓምና የዞልፒዴም ወገን መድኃኒቶች በተቻለ መጠን እንዳይሰጡ የሚመክረው ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ደንግጣችሁ ክኒኑን ዛሬ ማታ እንዳትጥሉት! ለሳምንታት ወይም ለወራት የወሰደ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታም ሊጥለው ይችላል። መቀነስ ያለበት በሐኪም ነው፤ የተለመደው በየሁለት ሳምንቱ ከ10 እስከ 25 በመቶ ነው። ማታ ማታ ሁለት ባለ 5 ሚሊግራም ፍሬ የሚወስዱ ሰው መጀመሪያ ወደ አንድ ተኩል ይወርዳሉ እንደ ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ቅነሳው ይበልጥ ይዘገያል። በየቅነሳው ጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ይረበሻል፤ ያኔ «አይቻልም» ብላችሁ በራሳችሁ ወደ ሙሉው መጠን አትመለሱ፣ ለሐኪሙ ንገሩ።

ደግሞስ በእርግጥ እንቅልፍ አጥተዋል? ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝተው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከነቁ 7 ሰዓት ተኝተዋል። ይህ መድኃኒት አይሻም፤ አመሻሽተው ይተኙ፣ የቀኑ እንቅልፍ ይጠር፣ ከቀትር በኋላ ቡና ይቅር። የሚያሸና መድኃኒት ማታ የሚወስዱ ከሆነ ወደ ጠዋት ይዛወር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

ግፊታቸውን ለ5 ደቂቃ ካስተኛችሁ በኋላ ለኩ፤ ከዚያ አቁማችሁ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገሙት። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሌሊት ሲነሱ አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው ይቁሙ። እስከ መጸዳጃው መብራት ይኑር። ምንጣፉ ያምራል፤ ይነሳ።

ወድቀው ጭንቅላታቸው ከተመታና ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ፣ «ደህና ነኝ» ቢሏችሁም ሳታሳድሩ ሆስፒታል አድርሷቸው፤ ክኒኖቹንም ይዛችሁ።