ላይዋ የታጠበ፣ ውስጧ ያልተነካ

የመዲናችን የትናንሽ መኪና ባለቤቶች ለንጽሕና ያላቸው ፍቅር እስከ ዛሬ ተገቢውን ክብር አለማግኘቱ ያሳዝናል። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከለገሃር እስከ ተክለ ሃይማኖት ባሉት ላቫጆዎች ደጃፍ ዕድሜ የጠገቡ ቪትዞችና ኮሮላዎች ተራ ይጠብቃሉ፤ በአረፋ ይታሻሉ፣ ጎማቸው በቅባት ይጠቁራል፣ ዳሽቦርዳቸው ይወለወላል፣ በመስታወታቸው ላይ አዲስ ሽቶ ይንጠለጠላል። በዚህ ሁሉ እጥበት መካከል ማንም የማይደርስባቸው ኢንጀክተሮቹ ብቻ ናቸው። ይህን ቸልተኝነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከኋላው ያለውን የጸና መርሕ አይቼ አመሰግናለሁ፦ «እየሄደች ለምን ትነካለች?»

መርሑ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ለመረዳት ያልተነካውን ዕቃ ማወቅ ያስፈልጋል። ኢንጀክተር በኤሌክትሪክ የሚከፈት፣ መርፌ ያለው ትንሽ ቫልቭ ነው፤ በፖምፓ ተገፍቶ በ3 ባር ገደማ ግፊት የሚደርሰውን ቤንዚን፣ በሺህኛ ሰከንድ በሚለካ ቅጽበት እየከፈተና እየዘጋ፣ አድቅቆ ወደ ሲሊንደሩ መግቢያ ይረጫል። ሞተሩ ሲጠፋ ጫፉ ላይ የቀረችው ጠብታ በሞተሩ ግለት ትደርቅና ሙጫ መሰል ቅሪት ትተዋለች። ስለዚህ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ፒያሳ ማኪያቶ ለመጠጣት፣ ከፒያሳ ወርዶ ስታዲየም አጠገብ ሰው ለማግኘት፣ ከዚያም አንድ ወረቀት ለማስፈረም ለገሃር ጎራ ለማለት ሞተሩን አሥሬ የሚያስነሣና የሚያጠፋ ሰው ቅሪቱን በየዕለቱ ሳይታክት ያከማቻል። የነዳጁ ቢጫ መብራት ካልበራ ማደያ የማይረግጥ ከሆነማ ትጋቱ እጥፍ ነው፤ በሰልባትዮው (በነዳጅ ማጠራቀሚያው) ውስጥ ያለችው ፖምፓ የምትቀዘቅዘው በዙሪያዋ ባለው ቤንዚን ነውና እርሷንም ጨምሮ ያገለግላል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የበሽታ አተረጓጎም ችሎታቸውን ነው። ጠዋት መኪናዋ ነዳጅ ሳይረገጥላት፣ ሚኒሞ ላይ ስትንቀጠቀጥ «ብርድ ነው» ይባላል። የቤንዚን ሽታ ሲመጣ «የፊተኛው መኪና ነው»። የቸርችልን ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት «ዳገቱ ነው»፤ ይህ እንኳ ሳይንሳዊ መሠረት አለው፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች የሳሳው አየር ከእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ጉልበት ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይወስዳል። አየሩ የወሰደውንና የተደፈነው ኢንጀክተር የወሰደውን ለይቶ መጠየቅ ግን እንደ ነገረኛነት ይቆጠራል። የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ ደግሞ መፍትሔው በአንድ ቁራጭ ጥቁር ናስትሮ ይገኛል፤ ከተለጠፈ በኋላ መብራቱ ዳግም አይታይም፣ ዳሽቦርዱም በወለወሉት መጠን ያብረቀርቃል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለችውን አሮጌ መኪና ማቆየት ግድ የሆነበት ሌላ ሰው ቢሆን ኮፋኖ ለመክፈት ይጣደፍ ነበር። የእኛ ሰው ግን የላቫጆውን ደንበኝነት አጠናከረ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር በእነዚህ ወገኖች ዘንድ ተሻሽሎ «ከተቃጠለ በኋላ በሶማሌ ተራ»፣ ማለትም በመኪና መለዋወጫው ገበያ፣ ሆኗል። መኪናዋ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ስትቆም (ሌላ ሰዓት ቆማ አታውቅም) በመጀመሪያ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው ካንዴላ ይቀየራል፤ ካልሆነ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል፤ ካልሆነ ፖምፓ። በመሃሉ አንድ ጠርሙስ የኢንጀክተር ማጠቢያ ፈሳሽ ይገዛል፤ ይህ ቀለል ያለ ቅሪትን ለማሟሟት የሚረዳ ሲሆን፣ ባለቤቱ ግን ድፍን ያለውን እንዲከፍትለት ተስፋ አድርጎ ይጨምረዋል። በዚህ የግዥ ዘመቻ መካከል አንድ መካኒክ ብድግ ብሎ «የአንደኛውን ሲሊንደር ኢንጀክተር ከሁለተኛው ጋር እናለዋውጥ፤ ፒ0301 የነበረው የብልሽት ኮድ (አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አለማቃጠሉን የሚናገረው) ወደ ሁለተኛው ሲሊንደር ኮድ ወደ ፒ0302 ከዞረ ጥፋቱ የኢንጀክተሩ ነው» ቢል፣ ደንበኛው በትዝብት ይመለከተዋል፤ ዕቃ የማያስገዛ መካኒክ ምን ዓይነት መካኒክ ነው? ኢንጀክተሮቹን ፈትቶ በማጠቢያ ማሽን ማጠብ፣ እያንዳንዱ እኩል መርጨቱን በመስታወት ቱቦ ለክቶ ማየት፣ የጎማ ቀለበቶቻቸውን ቀይሮ መመለስ ብዙም ሥራ አይደለም፤ ጉዳቱ ግን ውጤቱ ከውጭ አለመታየቱ ነው። ጎረቤት አይቶ «እንኳን ደስ አለህ» የማይለው እጥበት ለምን ይከፈልበታል? ስለዚህ የሚያንጠባጥበው ኢንጀክተር ባለበት ይቆያል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን በጭስ መውጫው መስመር ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊስቱን፣ አግሎ እስኪያበላሸው ድረስ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካታሊስት ደግሞ ዋጋው የሚነገርለት፣ ሻይ ላይ ቢያወሩት የሚያስከብር ዕቃ ነው።

የዚህ ጥበብ ዋጋ በሙሉ የሚታወቀው በሽያጭ ቀን ነው። ሻጩ ገዢው ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አስነሥቶ ያሞቀዋል፤ መንቀጥቀጡ የሚብሰው ገና ቀዝቃዛ ሳለ መሆኑን ለዓመታት ሲያስተባብል ጠንቅቆ ተምሯልና። ደላላው «ሞተሯ አልተነካም» ብሎ በኩራት ይመሰክራል፤ በሕይወቱ ከተናገራቸው ጥቂት እውነቶች አንዱ ይህ ነው። ገዢውም አስተዋይ ስለሆነ በቀላሉ አይሸነግሉትም፤ በሮቹን አንድ በአንድ አንኳክቶ የግጭት መሸፈኛ ስቱኮ መኖር አለመኖሩን ያዳምጣል፣ ቀለሟን በፀሐይ ያያል፣ የወንበሮቹን ጨርቅ ይዳስሳል፣ ስለ ንጽሕናዋ ጥቂት ሺህ ብር ጨምሮ ይስማማል፣ ኮፋኖውንም ሳያስከፍት ይፈርማል።