ባሕሩን በር ዘግቶ ማስቀረት፦ ስለ ቬኒስ ክርክር

የክርክሩ ርዕስ፦ «ቬኒስን ከባሕር ሙላት የሚከላከሉት ተንቀሳቃሽ በሮች ለከተማዋም ለላጉኑም በጅተዋል።» ላጉኑ ከተማዋ የተቀመጠችበት፣ በሦስት መግቢያዎች ከአድሪያቲክ ባሕር ጋር የሚገናኘው ጥልቀት የሌለው የጨው ውኃ ነው።

ደጋፊው፣ መሐንዲስ
እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር 1966 ውኃው ከባሕሩ የቀድሞ አማካይ ከፍታ በላይ 194 ሴንቲ ሜትር ደረሰ፤ በኖቬምበር 2019 ደግሞ 187። በ2020 ኦክቶበር 3 ቀን 78ቱ በሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሙላትን ለመግታት ተነሡ። በኖቬምበር 2022 ከበሮቹ ውጪ ባሕሩ ከ170 በላይ ሲያብጥ ከተማዋ አልተጥለቀለቀችም። በሮቹ የሚይዙት ውኃን ብቻ ነው፤ ሙላቱ ሲያልፍ ተመልሰው ከባሕሩ ወለል ላይ ይተኛሉ። ይህ ምኑ ያስጮሃል?

ተቃዋሚዋ፣ የሥነ ምህዳር መምህርት
«የሚይዙት ውኃን ብቻ ነው!» እኒህ ሰው የደፈረሰ ማዕበል አይተው ያውቃሉ? የላጉኑ ረግረጎች ከፍታቸውን የሚጠብቁት ማዕበል በሚያለብሳቸው ደለል ነው፤ ደለሉ በብዛት የሚደርሳቸውም በሮቹ በሚዘጉባቸው የማዕበል ቀናት ነው። ደለል ያጣ ረግረግ ይሰምጣል፣ ሣሩ ይሞታል፣ የማዕበሉን ጉልበት የሚሰብር ነገር ይጠፋል። የቬኒስ ፍሳሽም ወደ ቦዮቿ ይገባል፤ የሚያጥባቸው የባሕሩ መውጣትና መግባት ነው። በሮቹ ደጋግመው ሲዘጉ ማን ሊያጥባቸው ነው?

ደጋፊው
ወይዘሮ ተከራካሪዬ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነጥቀው ሮጡ። ረግረጉ ማለቅ የጀመረው እኮ በሮቹ ሳይታሰቡ ነው! የብሬንታንና የፒያቬን ወንዞች ከላጉኑ ያባረሯቸው ደለል እንዳይሞላባቸው የፈሩ የጥንቱ የቬኒስ ሪፐብሊክ ሰዎች ናቸው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በላጉኑ ዳር ያለው የማርጌራ ወደብ ፋብሪካዎች የከርሰ ምድር ውኃ ስበው ሲያወጡ ከተማዋ ዐሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ አለች። ለነዳጅ ጫኝ መርከቦች የተቆፈረው ጥልቅ ቦይም ደለሉን እያጠበ ወደ ባሕር ያወጣል። ታዲያ የዘመናት ኃጢአት በእኛ በሮች ይላከክ?

ተቃዋሚዋ
እግዜር ይስጥልኝ፤ ክርክሬን ጻፉልኝ። ወንዙን ያዞረውም፣ ጉድጓዱን የቆፈረውም፣ ቦዩን ያጠለቀውም «ይህችን ብቻ ነው የምነካው» ብሎ ነው የጀመረው። አሁን እርስዎ ደግሞ «ውኃን ብቻ» ብለው መጡ። ስለ ፍሳሹ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ደጋፊው
በሙያዬ ላይ የተሰነዘረውን ዘለፋ አልፈዋለሁ። በ2020 ዲሴምበር 8 ቀን ትንበያው ዝቅ ብሎ በሮቹ ሳይነሡ ቀሩ፤ ውኃው 138 ደረሰ። ያን ቀን ሱቁን ውኃ የሞላበት ነጋዴ «እሰይ፣ ረግረጉ ደለል አገኘ» ይበል? ስለ 2022ቱ ቀንም ዝምታዎን እያየሁ ነው።

ተቃዋሚዋ
ለነጋዴው ማሰብዎ ደስ ይላል። እንግዲያውስ በሮቹ የሚነሡት ሙላቱ 110 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል ተብሎ ሲተነበይ መሆኑን ይንገሩት። የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ከዚያ በታች ባለ ሙላት ይጥለቀለቃል፤ አደባባዩ ላይ ላለው ባሲሊካ፣ ለትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ ለብቻው የመስታወት ግንብ የቆመለትም ለዚህ ነው። ልኩ ዝቅ ይበል ቢባል በሮቹ አብዝተው ይዘጉና ወደ ማርጌራ የሚገቡ መርከቦች ውጪ ይቆማሉ። ታዲያ የሚዘጋበትን ሰዓት የሚቆርጠው የማን ጥቅም ነው፣ የነጋዴው ወይስ የወደቡ?

ደጋፊው
ከደለል ተነሥተን ወደብ ገባን ማለት ነው። ይሁን። ወደቡም እንጀራቸው የሆነ ሠራተኞች አሉት፤ በሮቹ ሲዘጉ መርከቦች እንዲያልፉም ከሦስቱ መግቢያዎች በአንዱ፣ ማላሞኮ ላይ፣ ማለፊያ ተሠርቶላቸዋል።

ተቃዋሚዋ
የትኛው ማለፊያ? በ2015 መዝጊያውን ማዕበል የጎዳው?